እጅ እንዳይሰንፍ

እሷ፦ ንድፍ የሚወዱ ብዙ ሰዎች ደብተራቸውን የሚያወጡት ጉዞ ሲሄዱ ብቻ ነው። ላሊበላ ደርሶ ቤተ ጊዮርጊስን ልንደፍ የሚል እጅ ግን ቤት ውስጥ ካልተፍታታ ገና በመጀመሪያው መስመር ይደነግጣል።

እሱ፦ ቤት ውስጥ ምን ይነደፋል ታዲያ? ያው ወንበር፣ ያው ጠረጴዛ…

እሷ፦ ጀበናውስ? ቡናው እስኪፈላ ንደፈው። መጀመሪያ በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ እይ። የዚያ ባዶ ቦታ ቅርፅ በትክክል ከተቀመጠ አንገቱም እጀታውም ቦታቸውን ያገኛሉ። በማግስቱ ከሌላ አቅጣጫ ሞክረው፤ ሌላ ጀበና ነው የሚሆንብህ።

እሱ፦ እሺ፤ መንገድ ላይስ? አውቶብስ ለምሳ ቆሞ ወዲያው ይነሳል።

እሷ፦ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ደላክሯ በ1832 እ.ኤ.አ. ሞሮኮ ሲጓዝ ፈጠን ያለ ንድፍ ያሰፍርና ከጎኑ ቀለሙን በጽሑፍ ይመዘግብ ነበር። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከእነዚያ ደብተሮች እየተነሳ ሥሏል።

እሱ፦ ዛሬ ግን ስልክ አለ። ፎቶ ማንሳት አይቀልም?

እሷ፦ በጣም ይቀላል። ፎቶ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፤ እርሳስ የያዘ ሰው ግን የቱን መስመር እንደሚያስቀር ራሱ መወሰን አለበት። ዓይን የሚሠለጥነው እዚያ ላይ ነው።

እሱ፦ እኔን የሚከብደኝ ሰው መንደፍ ነው። መናኸሪያ ውስጥ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ይመስለኛል።

እሷ፦ ልክ ነህ፣ ፈቃድ ጠይቅ። ስትጨርስም አሳያቸው፤ ደስ ይላቸዋል። ካፈርክ ደግሞ ከኋላ ጀምር፤ በትከሻ ላይ የወደቀ ነጠላ እጥፋቱ ብቻውን ብዙ ያስተምራል። ለዚህ ሁሉ ኪስ የሚገባ ደብተርና አንድ ቱ ቢ እርሳስ ይበቃል።