ፊደል የቆጠረ እጅ ታሪኩን ይጻፍ

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት የተላለፈ ንግግር)



በአዲሎና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በሆሳዕናም ሆነ በሌላ ስፍራ ሆናችሁ የምትከታተሉን አባቶችና እናቶች፣ የዛሬው ንግግራችን የሚመለከተው እናንተን ነው። በተለይም ፊደልን በጉልምስና የቆጠራችሁትን፣ ዕድሜያችሁ ሃምሳና ስድሳ የደረሰውን፣ በልባችሁ ግን «እኔ ያየሁትን የሚጽፍልኝ ሰው ቢገኝ መጽሐፍ ይወጣው ነበር» እያላችሁ ዓመታት ያሳለፋችሁትን ነው። የምንላችሁም አንድ ነገር ነው። ጸሐፊ አትጠብቁ፤ ጸሐፊዎቹ እናንተው ናችሁ።

እንደምታስታውሱት ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተባለ። ትምህርቱ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ከምባትኛና ሀዲይኛም ከእነዚሁ መካከል ነበሩ፤ የሚጻፉትም በግዕዝ ፊደል ነበር። ያን ጊዜ ቀን ሲያርስ ውሎ ማታ በኩራዝ ብርሃን ሀ ሁ ያለው ወጣት ዛሬ ስድሳውን አልፏል። ልጇን አዝላ ፊደል የቆጠረችው እናትም ዛሬ አያት ሆናለች።

ታዲያ ያ ፊደል የት ደረሰ? ብዙዎች ስማቸውን ለመፈረም፣ የማዳበሪያ ደረሰኝ ለማየት፣ የእድር መዋጮ ለመመዝገብ ተጠቅመውበታል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ከከምባታና ከሀዲያ ብዙ ሰው ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ ለሸንኮራ ሥራ ይሄድ እንደነበር ታውቃላችሁ። ማንበብ የማይችል ቤተሰብ ከዚያ ደብዳቤ ሲመጣለት ፊደል ወደሚያውቅ ሰው ይዞ ይሄድ ነበር። የባልና የሚስት ምሥጢር በሦስተኛ ሰው አፍ ያልፍ ነበር። ይህን ያስቀረልን ፊደል ነው።

ነገር ግን የማይታረስበት ማረሻ እንደሚዝግ ሁሉ የማይጻፍበት ፊደልም ይጠፋል። የምስክር ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ፊደሉ ግን ከእጁ የወጣበት ሰው ስንት ነው? ከፊደሉ ጋር ደግሞ ሌላም ነገር ይጠፋል። አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ እርሳቸው ብቻ የሚያውቁት ጨዋታ፣ ተረትና የዘመን ታሪክ አብሮ ይቀበራል።

«አሁን ይሄ ዕድሜ ለድርሰት ይሆናል እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ነገር እንመልከት። በጎጃም የተወለዱት በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት አደጉ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ዘመቱ፤ ተማርከውም ወደ ጣሊያን አገር ተወስደው ለዓመታት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ሠሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ገደማ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ብዕር የያዙት ያን ጊዜ ብቻ አይደለም። በወጣትነታቸው ለመድረክ ጽፈዋል፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። ልብ በሉ፤ ከትልቁ ልብ ወለድ በፊት ተረት ነበር! በእሳት ዳር የምንሰማው ዓይነት ተረት። ከዚያ በኋላም አላቆሙም። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፣ «የልምዣት» በ1980 ዓ.ም. ለንባብ በቁ። ሁለቱም የወጡት ደራሲው ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የቆመው ደራሲው በልጅነታቸው በሚያውቁት የጎጃም ኑሮ ላይ ነው። ባላባቱን፣ ጭሰኛውን፣ የቆሎ ተማሪውን ያውቋቸው ነበር። ያ ትዝታ በእስር ቤትም ሆነ በሹመት ጊዜ አልጠፋም፤ ብዕሩን ይጠብቅ ነበር። በኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ጆሮውን ጥሎ አዳመጠው።

«እርሳቸውማ የተማሩ ናቸው፤ እኔ ገበሬ ነኝ፤ እኔ የቤት እመቤት ነኝ» ትሉ ይሆናል። ወደ ውጭ አገር እንሻገርና አንዲት የገበሬ ባለቤት እንይ። ላውራ ኢንግልስ ዋይልደር የተባሉት አሜሪካዊት በ1867 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። ከባለቤታቸው ጋር በእርሻ ላይ ኖሩ፤ ዶሮ አረቡ፤ ለገበሬዎች ጋዜጣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ እርሻ አጫጭር ጽሑፎች ይልኩ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው የታተመው በ1932 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ 65 ዓመታቸው ነበር። የጻፉትም ወላጆቻቸው በጫካ ውስጥ በሠሩት የእንጨት ቤት ያሳለፉትን የልጅነት ኑሮ ነው። መሣሪያቸው እርሳስና የተማሪ ደብተር ነበር። ልጃቸው ደግሞ ጽሑፉን በማረም ረዳቻቸው። እርሳስና ደብተር በአዲሎ ሱቅም አለ።

«እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኔም ደክሟል» ለምትሉትም መላ አለ። አለቃ ለማ ኃይሉ በስተርጅና ትዝታቸውን ለልጃቸው ለደራሲው መንግሥቱ ለማ አጫወቱ። ልጅ የአባቱን ቃል እንደ አነጋገራቸው በጽሑፍ አሰፈረ፤ በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ ሆነ። እናንተም ተናገሩ፤ ልጅ ይጻፍ።

እዚህ ላይ ለከምባታና ለሀዲያ ሰው የተለየ ጉዳይ አለ። በዘመቻው ጊዜ ከምባትኛንና ሀዲይኛን በግዕዝ ፊደል ተማራችሁ። ዛሬ ግን ሁለቱም ቋንቋዎች የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩትም በዚሁ ነው። ስለዚህ አያት የጻፉትን የልጅ ልጅ ማንበብ ያቅተው ይሆናል፤ የልጅ ልጅ የጻፈውንም አያት ማንበብ ያቅታቸዋል። ይህ እንዲለያያችሁ አትፍቀዱ። እናንተ በምታውቁት ፊደል ጻፉ፤ ማታ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት፤ እርሱ ደግሞ በሚያውቀው ይገልብጠው። አንድ ታሪክ በሁለት ፊደል ይቀመጣል፤ ልጁም የአያቱን ንጹሕ ቋንቋ ይማርበታል።

እሺ፣ እንዴት ይጀመር?

አንደኛ፣ ደብተር ግዙ፤ ለዚሁ ሥራ ብቻ ይሁን። የወተትና የብድር ሒሳብ አትቀላቅሉበት።

ሁለተኛ፣ ሰዓት ለዩለት። ማታ ከብት ከገባ በኋላ ወይም ጧት ከቡና በፊት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በቀን ግማሽ ገጽ የሚጽፍ ሰው በዓመት ከ180 ገጽ በላይ ይኖረዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ እንደምትናገሩት ጻፉ። ከባድ ቃል ፍለጋ አትሂዱ። አማርኛው ከጠፋችሁ የከምባትኛውን ቃል አስገቡና ቀጥሉ፤ በኋላ ትጠይቃላችሁ። የፊደል ግድፈትም አያስፈራችሁ፤ እርማት ከመጻፍ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ በደፈናው አትጻፉ። «ድሮ ገበያ ደስ ይል ነበር» ብትሉ አንባቢው ምንም አያይም። እናታችሁ ቅቤውን በምን ጠቅልላ እንደወሰደች፣ በስንት እንደሸጠች፣ በገንዘቡ ምን እንደገዛች፣ ሲመሽባችሁ በየት በኩል እንደተመለሳችሁ ጻፉ። እንሰት ሲፋቅ ሴቶቹ ምን ይጨዋወቱ ነበር? ለመሳላ በዓል ቤቱ እንዴት ይሰናዳ ነበር? ሐምበሪቾ ተራራ ላይ ደመና ሲያርፍ ሽማግሌዎች ምን ይሉ ነበር? ወንድማችሁ ወደ ወንጂ የሄደ ዕለት ስንቁን ማን ሰነቀለት? ይህን ከእናንተ በቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም።

አምስተኛ፣ ከኑሮ ተነሥታችሁ ልብ ወለድ የምትጽፉ ከሆነ የሰዉን ስምና የሰፈሩን ምልክት ለውጡ። ድርሰት የጎረቤት ገመና ማውጫ አይደለም። ቂም ለመወጣት የተጻፈ ነገር ባለቤቱንም አያስደስትም።

ስድስተኛ፣ የጻፋችሁትን ለሰው አንብቡ። ቡና ላይ፣ ከእድር ስብሰባ በኋላ፣ ለቤተሰብ። ሰሚው ከሳቀ ወይም ዝም ብሎ ካዳመጠ ጽሑፉ ሠምሯል፤ ካዛጋ ያን ቦታ አሳጥሩት።

ስለ ኅትመትም እውነቱን እንንገራችሁ። መጽሐፍ ማሳተም ገንዘብ ይፈጃል። ላም ሸጣችሁ አሳትሙ አንልም፤ ከድርሰት ሀብት ይገኛልም አንልም። በንጹሕ እጅ የተገለበጠ ሁለት ቅጂ ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም። አንዱ ለቤተሰብ፣ ሌላው በአካባቢያችሁ ላለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። አንድ ተማሪ ከመደርደሪያ ላይ አንስቶ ስለ ገዛ አገሩ ካነበበው ድርሰታችሁ አንባቢ አግኝቷል ማለት ነው።

ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ያላችሁ የጎልማሶች ትምህርት ተማሪዎችም አትቸኩሉ፤ ነገር ግን ቀን አትጠብቁ። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ስማችሁ ትሁን። ሁለተኛዋ የተወለዳችሁበት ቀዬ ትሁን። ሦስተኛዋን የእናታችሁ ስም ይጀምራት። ከዚያ በኋላ ነገር ነገርን እያመጣ ይሄዳል።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። እንግዲህ ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ደብተሩን አምጡ፤ ልጆቹን ሰብስቡ፤ አንድ ገጽ ብቻ ጻፉና አንብቡላቸው። ነገ ደግሞ ሁለተኛው ገጽ ይከተላል።