አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው

(በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ለክለቡ አባላት የተደረገ ንግግር)

ይህን የተናገርኩት የጠዋት ሚሽማሬት ጨርሳችሁ፣ ሀስዓው እስኪመጣ ቡና በምትጠጡበት አዳራሽ ነው። ያን ቀን ያልመጣችሁ እንድታነቡት ጻፊልን ስላላችሁኝ፣ እንደ ንግግሩ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። አማርኛዬን ታውቁታላችሁ። እዚህ አገር ተወልጄ አማርኛ የለመድኩት ከአያቴ ጓዳ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ያስተማሩኝ በዕብራይስጥ ነው። ስሳሳት እያረማችሁ አንብቡኝ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ባለፈው የዝናብ ጊዜ ከክለባችን አንድ አባት ቀሩ። ዝምተኛ ናቸው፤ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። አንድ ሳምንት ቀሩ። በሁለተኛውም ቀሩ። በሦስተኛው ላይ ቡና የምታፈላው እህታችን «እኒያ ሰውዬ ምን ሆኑ?» አለች። ስማቸውን የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ «ባለ ባርኔጣው?» ይላል፣ ሌላው «ከመርካዝ ክሊታ አውቃቸዋለሁ፣ ቤታቸውን ግን አላውቀውም» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ጀበና ጠጥተናል እኮ!

እኔስ? እኔ ፋይል አለኝ። ከፍቼ አየሁት። የቢቱዋህ ለኡሚ ወረቀት አለ፣ የቁፓት ሆሊም አለ፣ የደም ግፊት መድኃኒት አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። የተጻፈው ስልክ የተዘጋ ነበር፤ ያን ደግሞ ማደስ የነበረብኝ እኔው ነኝ። ቤታቸው ስሄድ ደረጃ ላይ ወድቀው ጉልበታቸውን ተጎድተዋል። ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል። ሌላውን ቀን አንዲት ሩሲያዊት ጎረቤት ዳቦና ወተት ታቀብላቸዋለች። የታመመ ሰው መጠየቅ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ለእናንተ አልነግርም። ግን ስሙንም ቤቱንም የማናውቀውን ሰው እንዴት እንጠይቀው?

ሻይ አፈላሁላቸው፣ ወረቀታቸውን ሞላሁ፣ ስለ መታፔል ተነጋገርን። ልወጣ ስል ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። የጣት ርዝመት ያላት ማረሻ። ከጎኗ ማጭድ፣ ከጎኑ ምሳር፤ ሁሉም ትንንሽ ናቸው፣ ሁሉም ከእውነተኛ ብረት የተሠሩ። «አባባ፣ ይህን ከየት ገዙት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ነኝ የሠራሁት» አሉኝ።

በሥራ ዘመናቸው እዚሁ አዞር ታዓሲያ ውስጥ ኒካዮን ይሠሩ ነበር። ከሚጣለው የብረት ቁርጥራጭ ትንሽ ትንሽ፣ አለቃቸውን እያስፈቀዱ፣ ወደ ቤት ይወስዱ ነበር። በረንዳቸው ላይ አንዲት ትንሽ መስፍ፣ መዶሻና ጉጠት አላቸው። በጋዝ ምድጃ አግለው ይቀጠቅጣሉ፤ ሰፈሩን እንዳይረብሹ በቀን ብቻ። የወናፉን ሥራ አሁን ጋዙ ይሠራልኛል ብለው ትንሽ ሳቁ።

ድምፃቸውን ለምን ዝቅ አደረጉ? ትልልቆቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በጎንደር በኩል ብዙው የእኛ ሰው የመሬት ርስት አልነበረውም፤ እንጀራው የብረት ሥራ፣ የሸክላ ሥራና ሽመና ነበር። ገበሬው እነሱ በሠሩት ማረሻ ያርሳል፣ ሚስቱ እነሱ በሠሩት ምጣድ ትጋግራለች። ልጁ ሲታመምበት ግን «ቡዳ በላብኝ» ብሎ የሚጠረጥረው እነሱኑ ነው። እኒህ አባት ከዚያ ስም ርቀው ከመጡ ስንት ዓመት ሆናቸው፤ ስሙ ግን እስከ በረንዳቸው ድረስ ተከትሏቸዋል። ልጃቸው የማሽን ጥገና ባለሙያ ነው፣ እሱም ከብረት ጋር ነው የሚውለው። አባቱ ቀጥቃጭ እንደነበሩ ግን አያውቅም። «ይችን ማረሻስ ሲያያት ምን ይላል?» አልኳቸው። «ከሱቅ የገዛኋት ይመስለዋል» አሉኝ።

(ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። ስሜን ብቻ አትጥሪ ብለውኛል። ልጃቸውንም በሚቀጥለው ሰንበት ሲመጣ እነግረዋለሁ ብለዋል፤ ነግረውታልም።)

ማታ ቢሮ ተመልሼ የጉብኝቱን ሪፖርት ስጽፍ፣ ማረሻዋን የትኛው መስመር ላይ እንደማስገባት አጣሁ። ፋይላችን ውስጥ «ምን ይጎድላቸዋል» የሚል ቦታ ሞልቷል። «ምን ይወዳሉ፣ እጃቸው ምን ያውቃል» የሚል የለም። እኔም ለሁለት ዓመት አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው ክለቡ ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ሰው አንድ ነገር ይዞ ይምጣ ያልነው። በመጀመሪያው ቀን ስለ «ተህቢቭ» ንገሩን ብዬ ጀመርኩ። በአማርኛ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ነው ስላችሁ ሳቃችሁብኝ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ትርፍ ጊዜ የሚባለው የት ነው የሚሸጠው?» አሉኝ። እውነት አላቸው። እዚያ አገር እንዝርት የሚሾር ሰው ልብስ ስለሚያስፈልገው ነው የሚፈትል። ስፌት የምትሰፋ ሴት መሶብ ስለሚያስፈልጋት ነው። ሥራ ነው፣ ማንም «ሆቢ» አይለውም። እዚህ ሲመጡ ልብሱም መሶቡም ከሱቅ ይገዛል፤ እጅ ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርነው፤ «እጅዎ ምን ያውቃል?» አልን። ያኔ ወሬው መጣ።

አንዲት የማሸጊያ ሠራተኛ እናት ከፕላስቲክ ክር የተሰፋች ሙዳይ ይዘው መጡ። ስንደዶና አክርማ እዚህ ስለማይገኝ ከሥራ ቦታ የሚጣለውን የካርቶን ማሰሪያ በቀጭኑ ሰንጥቀው ነው የሰፏት። ሌላዋ፣ ከወለቃ የመጡት፣ ባዶ እጃቸውን መጡና «እኔ የማሳያችሁ የለኝም፣ ጭቃ ስጡኝ» አሉ። ወለቃ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ያለችው መንደር ናት፤ የእኛ ሴቶች የሠሩትን ሸክላ ከመንገድ ዳር ዘርግተው ለቱሪስት ይሸጡባት ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ ከዕቃ መሸጫ አምስት ኪሎ ሸክላ አፈር ገዛን። እኒህ እናት ሃያ ዓመት በሚሽማሬት የሠሩ ናቸው፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጀበና አንገት አወጡለት። እኔ ግማሽ ሰዓት ታግዬ የሠራሁት ሲኒ ምን እንደሚመስል ያያችሁ አትንገሩ።

ዳማውን ደግሞ ያላያችሁ እንዳትቀሩ። አንድ ጎንደሬ አባትና አንድ ከሩሲያ የመጡ ሽማግሌ በቆርኪ ይጫወታሉ። ሁለቱም ዕብራይስጣቸው ጥቂት ነው። ወታደር ወደኋላ ይበላል፣ አይበላም በሚል ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቁ፤ አሁን አንድ ጊዜ በዚያኛው ደንብ፣ አንድ ጊዜ በዚህኛው ይጫወታሉ። ሩሲያዊው ድሮ ፖልጋት በሚባለው የጨርቅ ፋብሪካ ሠርተዋል፤ የእኛው አባት ደግሞ ሸማኔ ነበሩ። ይህን ያወቁት በዳማው ምክንያት ነው፤ ስለ ክር ሲያወሩ ቋንቋ የሚያግዳቸው አይመስልም።

አንድ ከባድ ቀንም ነበረ። ሁለት ሴቶች ፎቶ ይዘው መጡ። አንዷ አማርኛ ተናጋሪ ናት፣ ሌላዋ ትግርኛ። ትግርኛ ተናጋሪዋ ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ለብቻዋ ነበር የምትቀመጠው፤ እኛ በአማርኛ ስናወራ «ኩራተኛ ናት» ይሏት ነበር። (አዎ፣ ሰምቻለሁ።) ፎቶው ላይ ሲነጋገሩ ሁለቱም በ1984 ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ መጠለያ እንደነበሩ ታወቀ። ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ፣ ሰው የሚቀበርበትን ቦታ ሁለቱም ያስታውሳሉ። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ወደ አራት ሺህ የሚሆኑ ወገኖቻችን ማለቃቸውን፣ በኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ እንዳላቸው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እነዚህ ሁለት ሴቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እዚያ የቀበሩት ሰው እንዳላቸው አይተዋወቁም ነበር። ያን ቀን ቡናው ቀዘቀዘ፣ ሀስዓውም አመለጠን።

ስለዚያ ቀን አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የሱዳንን ነገር ሰው ራሱ ካልጀመረው አትጠይቁ። እንደ ሶሻል ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን እንደ ልጅም ነው የምላችሁ፤ አያቴን ልጅ ሆኜ ስጠይቃት ተነስታ ወደ ኩሽና ትሄድ ነበር። «የማን ልጅ ነህ? ከየትኛው ወገን ነህ?» የሚለውንም ጥያቄ ለመጀመሪያ ቀን ባይሆን እመርጣለሁ። ለእናንተ የሰላምታ ያህል ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን በዚህ ጥያቄ የተነሳ ወንበር የቀየረ ሰው አይቻለሁ። ይልቅ «እጅሽ ምን ያውቃል? ምን ስትሠሪ ነው ደስ የሚልሽ?» በሉ።

ከእናንተ አንዳንዶቹ መጥታችሁ «የቤቴን ነገር ካወራሁ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል» ብላችሁኛል። ይህን ፍርሃት አልንቀውም፤ ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬ ከአውቶቡስ ቀድሞ ይደርሳል። ለዚህ ነው ዕቃ ይዛችሁ ኑ የምንለው። ስለ ሙዳይ መናገር ስለ ትዳር ከመናገር ይቀላል። ከዚያ በላይ የምትናገሩትን መጠን ደግሞ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

በእንግሊዝ አገር በ2018 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚይዝ ሚኒስትር ተሾመ ብዬ ስነግራችሁ፣ አንድ አባት «ቡና አብሮ ለመጠጣት ሚኒስትር ያስፈልጋል?» አሉኝ። ሳቅን። ግን እኛም እኮ ቡናውን አብረን እየጠጣን በሩ አጠገብ የነበሩትን አባት ሦስት ሳምንት አጥተናቸዋል። በ2023 ጥቅምት አዛቃው ሲጮህ የማን በር እንደሚንኳኳ፣ ማን ደረጃ መውረድ እንደማይችል የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ያን ሰሞን ሽማግሌዎችን በስልክ ስንፈልግ ከመዝገባችን ይልቅ የረዱን እርስ በርስ የሚተዋወቁ ጎረቤቶች ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ቡናው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። እዚያ ላይ የፈለገ ሰው ብቻ ስሙን፣ ስልኩንና እጁ የሚያውቀውን ይጽፋል፤ መጻፍ ለሚቸገር እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትያያዛላችሁ። ጓደኛችሁ አንድ ማክሰኞ ከቀረ ያንኑ ማታ ትደውላላችሁ። ሁለተኛ ከቀረ በሩን ታንኳኳላችሁ፣ ለእኔም ትነግሩኛላችሁ። ደብተሩ ከክለቡ አይወጣም፣ ወደ ቢሮዬም አይሄድም።

በሩ አጠገብ የሚቀመጡት አባት በከዘራ ተመልሰዋል። ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ውስጥ ስበናታል፤ ብርድ ይገባል ብለን ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ተራው የእሳቸው ነው፤ ልጃቸውም ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ይመጣል። ብረት ስለሚመታ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ወፍራም እንጨት እንፈልጋለን። ያላችሁ ከሰኞ በፊት አምጡልኝ።