ከአስር ስንት?

እሷ፦ ሰሞኑን ምን አየህ?

እሱ፦ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ»። የ2007 ዓ.ም. ፊልም ነው፤ ገና አሁን አየሁት።

እሷ፦ በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም! ከአስር ስንት ሰጠኸው?

እሱ፦ ስድስት ተኩል።

እሷ፦ ኧረ ባክህ! ምን በደለህ?

እሱ፦ ይንቀራፈፋል። ተራራው ያምራል፤ ግን ተራራ እያየሁ ሻዬ ቀዘቀዘ።

እሷ፦ እኔ ስምንት። ልጁ ኤፍሬም ሳምቡሳ እየጠበሰ ሲሸጥ፣ አጎትየው ደግሞ ማብሰል የሴት ሥራ ነው ብሎ ሲያመናጭቀው… አንጀቴን በላው።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ፤ ልጁ ጎበዝ ነው።

እሷ፦ አባትየውስ? ልጁን ዘመድ ጋ ትቶ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይገባል። ከወልቂጤ እስከ አታት ይሄ ያልነካው ቤት አለ እንዴ?

እሱ፦ እሺ፣ ለሱ ግማሽ ልጨምር፤ ሰባት። የልጁ በግ ለበዓል ትታረድ ሲባል ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከአጎትየው ጋር ነበርኩ።

እሷ፦ አንተ ጨካኝ!

እሱ፦ በዓል ነዋ!

እሷ፦ ክትፎ አደንዝዞሃል። «ድፍረት»ስ?

እሱ፦ የዘረሰናይ ብርሃነ? ዘጠኝ! የተጠለፈችው ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ፣ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ስትቆምላት… ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ነው።

እሷ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት ወስዷል። እኔ ግን ሰባት፤ ችሎቱ ላይ ተቻኮለብኝ።

እሱ፦ «ላምብ» ሲንቀራፈፍ ወደድሽ፣ «ድፍረት» ሲፈጥን ጠላሽ?

እሷ፦ አዎ! አሁን ዘፈን እናስገባ፣ ከዚያ ትጨቀጭቀኛለህ።