ሠላሳ ሦስት ዓመት በረዳትነት



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ የስፖርት ሰው ነው። ነገር ግን እኒህ ሰው ዋንጫ ከፍ አድርገው ፎቶግራፍ ከሚነሡት ወገን አይደሉም። የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ የፈጸሙት በረዳትነት ነው፤ የረዱትም ነጥብ በማስገባት ሳይሆን ነጥብ እንዳይገባ በማድረግ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ፥ በቨርጂንያ ግዛት የሚገኘው የቨርጂንያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ቡድን የመከላከል ክፍል አሠልጣኝ የነበሩት ሚስተር ባድ ፎስተር ናቸው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካኖች እግር ኳስ ብለው የሚጠሩት ጨዋታ እኛ በስታዲዮም ከምናየው ጋር በስም እንጂ በግብር አይገናኝም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ የሚያዘውም በእጅ ነው። ሜዳው 100 ያርድ ርዝመት አለው፤ አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል። ኳስ የያዘው ወገን በ4 ሙከራ ውስጥ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት ይገባዋል። ከገፋ እንደ ገና 4 ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልገፋ ግን ኳሱን ለተቃራኒው ይለቃል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በአንዱ ቡድን ውስጥ የሚያጠቁት 11 ሰዎች ሌላ፥ የሚከላከሉት 11 ሰዎችም ሌላ መሆናቸው ነው። አንደኛው ክፍል ወደ ሜዳ ሲገባ ሁለተኛው ወጥቶ ከዳር ይቀመጣል። ስለዚህም ከዋናው አሠልጣኝ በታች ለማጥቃት አንድ፥ ለመከላከል አንድ ኃላፊ ይመደባል።

የመከላከሉ ኃላፊ እያንዳንዱ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት፥ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ፥ ተቃራኒው ምን ሊያደርግ እንዳሰበ መገመትና ለ11ዱ ሰዎች በምልክት ማስታወቅ አለበት። ለዚህም ሲል ሳምንቱን ሙሉ የተቃራኒውን የቀድሞ ጨዋታዎች በፊልም እየመላለሰ ሲመለከት ይሰነብታል። ግምቱ ከሠመረ ምንም ነገር አይሆንም፤ ኳስ የያዘው ሰው እዚያው በቆመበት ይወድቃል፥ ተመልካቹም ከጎረቤቱ ጋር ሌላ ወሬ ይይዛል። ግምቱ ከሳተ ግን ስሕተቱን 60,000 ሰው በአንድ ጊዜ ያየዋል። በመዝገብ ቤትና በሒሳብ ክፍል የሚሠሩ አድማጮቻችን ይህን የመሰለውን ሥራ ያለ ብዙ ማብራሪያ እንደሚያውቁት አንጠራጠርም።

ሚስተር ፎስተር በ1959 በኬንተኪ ግዛት፥ በሰመርሴት ከተማ ተወለዱ። ያደጉት ግን በኢሊኖይ ግዛት ኖኮሚስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት በኬንተኪ ወደሚገኘው ወደ መሪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተከላካይነት ሲጫወቱ፥ የመከላከል ክፍሉ አሠልጣኝ ሚስተር ፍራንክ ቢመር የሚባሉ ሰው ነበሩ። በ1981 ሚስተር ቢመር የዚያው ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆነው ሲሾሙ ወጣቱ ፎስተር በጀማሪ ረዳትነት ሥራ ያዙ። በ1987 ሚስተር ቢመር ራሳቸው ወደ ተማሩበት ወደ ቨርጂንያ ቴክ ሲዛወሩ ረዳታቸውን አስከትለው ሄዱ። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች በአለቃና በረዳት ሥርዓት እስከ 2015 ድረስ ሳይለያዩ ኖሩ።

ይህ በዚያ አገር ልማድ የተለመደ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ኮሌጅ ረዳት አሠልጣኝ ኑሮው እንደ ዘላን ነው። በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት፥ በሌላው ሦስት ዓመት ይቀመጣል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲቀያይሩ ያድጋሉ። ቡድኑ ሲሸነፍ ዋናው አሠልጣኝ ይሰናበታል፤ እሱ ሲሰናበትም ረዳቶቹ በደኅና ቢሠሩም እንኳ አብረው ዕቃቸውን ይሸክፋሉ። ለሚስተር ፎስተርም ይህ አደጋ አንድ ጊዜ ከደጃቸው ደርሶ ነበር። በ1992 ቨርጂንያ ቴክ ከ11 ጨዋታ 2 ብቻ አሸንፎ፥ በ8 ተሸንፎ፥ በአንዱ እኩል ወጣ። ሚስተር ቢመር ከሥራ ይውጡ የሚለው ድምፅ በዛ። ዩኒቨርሲቲው እሳቸውን ለማቆየት ቢወስንም ከረዳቶቻቸው አንዳንዶቹ ተሰናበቱ። ሚስተር ፎስተር ከቀሩት ወገን ነበሩ። በሚከተለው ዓመት ቡድኑ 9 ጨዋታ አሸነፈ።

በ1995 ሚስተር ፎስተር ሮድ ሻርፕለስ ከሚባሉ ባልደረባቸው ጋር በመሆን የመከላከል ክፍሉን በጋራ እንዲመሩ ተሾሙ፤ ጥቂት ቆይቶም ኃላፊነቱ ለእሳቸው ብቻ ተሰጠ። በዚሁ ዓመት የሆነ አንድ ትንሽ ነገር አለ። የሚስተር ሻርፕለስ አማት ከአንድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ያገኙትን አሮጌ የብረት ምሳ ዕቃ ላኩላቸው። ያ የተጎዳጎደ ምሳ ዕቃ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመከላከል ክፍሉ ዓርማ ሆነ። በየልምምዱና በየጨዋታው ተጫዋቾቹ ይዘውት ይወጣሉ፤ ለመያዝ የሚመረጠውም በሥራው የበረታው ነው። ውስጡ እንጀራ ወይም ዳቦ አልነበረበትም፤ ተጫዋቾቹ በዓመቱ ውስጥ ሊፈጽሙት ያሰቡትን ጽፈው የፈረሙበት ወረቀት ነው የነበረበት። ለሀብታም ዩኒቨርሲቲ ይህ የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ምሳውን ቋጥሮ ማለዳ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ምሳ ዕቃ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ የእነዚያም ተጫዋቾች ብዙዎቹ አባቶች እንደዚሁ የሚሄዱ ነበሩ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ቨርጂንያ ቴክ የሚገኘው ብላክስበርግ በተባለች በተራራ መካከል ባለች ከተማ ነው። ከአገሩ ሁሉ እየተፈለጉ የሚለመኑት ግዙፋንና ስመ ጥር ወጣቶች ወደ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዱ ስለ ነበር፥ ሚስተር ፎስተርና ባልደረቦቻቸው ሌሎች የተዉአቸውን ቀጫጭንና ፈጣን ልጆች መሰብሰብን ዘዴ አደረጉ። ከኋላ ይጠብቅ የነበረውን ወደ መካከል፥ ከመካከል የነበረውን ወደ ፊት መሥመር ያመጡታል። በክብደት የሚያንሰው በፍጥነት ይበልጣል ማለት ነው። በዚህም ላይ 8 ሰዎችን ከፊት አቅርበው ከኋላ 3 ብቻ ይተዉ ነበር፤ ይህም አደገኛ ነው፥ ምክንያቱም ኳሱ ከስምንቱ በላይ አልፎ ከተወረወረ የሚይዘውን የሚያስቆም ብዙ ሰው የለም። በ1999 ኮሪ ሙር የተባለው ተከላካይ፥ ለቦታው እጅግ ትንሽ ነው እየተባለ፥ ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የናጉርስኪ ሽልማት ወሰደ። በዚያ ዓመት ቡድኑ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ እስከ መጨረሻው የሻምፒዮና ግጥሚያ ደረሰ። በጥር 2000 ከፍሎሪዳ ስቴት ጋር ሲገጥም በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ፍጻሜ 29 ለ 28 ይመራ ነበር፤ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ 18 ነጥብ ተቆጠረበትና 46 ለ 29 ተሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ለሻምፒዮናው ግጥሚያ በሚስተር ፎስተር ዘመን አልተመለሰም።

በ2005ና በ2006 የቨርጂንያ ቴክ መከላከያ በመላው አገር ለተቃራኒ ጥቂት ያርድ በመስጠት አንደኛ ሆነ። በ2006 በአንድ ጨዋታ በአማካይ የተቆጠረበት ነጥብ 11 ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሚስተር ፎስተር ለአገሩ ምርጥ ረዳት አሠልጣኝ የሚሰጠውን የብሮይልስ ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ ለረዳቶች ብቻ የተመደበ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ አድማጮቼ፥ ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ታዲያ ለምን ዋና አሠልጣኝ አልሆኑም? ስማቸው በየዩኒቨርሲቲው ክፍት ቦታ አያሌ ጊዜ ተነሥቷል፤ ግን አንድም ቀን አልሆኑም። ታማኝነት ነው ብሎ ማሞገስ ቀላል ነው። ዩኒቨርሲቲውም እንዳያጣቸው በየጊዜው ደመወዛቸውን ያሳድግ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከዚህ ሌላ አንድ ነገር አለ። ዋና አሠልጣኝ የሆነ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ገንዘብ ከሚለግሱ ሰዎች፥ ከጋዜጠኞችና ከዩኒቨርሲቲው ሹማምንት ጋር ነው፤ ፊልም እየተመለከቱ የተቃራኒን ሐሳብ መገመት ለረዳቶች ይቀራል። ሥራውን የሚወድ ሰው ሹመት ሲሰጠው ያንኑ ሥራ ይነጠቃል። ይህም በእኛ በቢሮ ሰዎች ዘንድ የማይታወቅ ነገር አይደለም፤ ጥሩ መሐንዲስ የነበረው ዋና ዳይሬክተር ከሆነ በኋላ ድልድይ ሲሠራ ማን አይቶታል?

የረዳትነት ጣዕሙና ምሬቱ ሁለቱም በአንድ ዓመት በ2014 ታዩ። በመስከረም ቨርጂንያ ቴክ ወደ ኮለምበስ ከተማ ሄዶ ከኃያሉ ከኦሃዮ ስቴት ጋር ገጠመ። በስታዲዮሙ ከ100,000 በላይ ሕዝብ ነበር። የኦሃዮ ስቴት ኳስ ወርዋሪ ገና ወጣት መሆኑን የተመለከቱት ሚስተር ፎስተር፥ የፊት መሥመራቸውን በመካከል አጨናንቀው፥ ከኋላ ያለውን እያንዳንዱን ተከላካይ ያለ አንዳች አጋዥ አንድ ለአንድ እንዲጠብቅ አዘዙ። ቢሳት ከባድ ውርደት ነበር። አልሳተም፤ ወርዋሪው 7 ጊዜ ኳሱን ሳይለቅ ተጣለ፥ 3 ጊዜም ኳሱን ለተከላካዮች ሰጠ፤ ቨርጂንያ ቴክ 35 ለ 21 አሸነፈ። ኦሃዮ ስቴት በዚያ የጨዋታ ዘመን ከዚህ በቀር አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ።

በኅዳር ወር ግን ይኸው ቡድን ዌክ ፎሬስት ከሚባለው ከደካማ ቡድን ጋር ገጠመ። የሚስተር ፎስተር ልጆች በ60 ደቂቃ ውስጥ አንድም ነጥብ አላስገቡም። የራሳቸው አጥቂ ክፍልም አንድም ነጥብ አላገባም። መደበኛው ጊዜ 0 ለ 0 ሲያልቅ ሚስተር ቢመር ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው በደስታ ታዩ፤ ፎቶግራፋቸውም በአገሩ ሁሉ ተሠራጭቶ መሣቂያ ሆነ። በተጨማሪው ጊዜ ቨርጂንያ ቴክ 6 ለ 3 ተሸነፈ። ተከላካይ ከዜሮ በታች ማሳነስ አይችልምና፥ ከዚህ የተሻለ ምን ሊደረግ ይቻል ነበር?

በ2015 ማብቂያ ሚስተር ቢመር በጡረታ ወጡ። በምትካቸው የመጡት ሚስተር ጀስቲን ፉዌንቴ ከሚስተር ፎስተር 17 ዓመት የሚያንሱ ሰው ነበሩ። አዲስ አለቃ ሲመጣ የራሱን ሰዎች ይዞ መምጣቱ የታወቀ ነው፤ ሚስተር ፉዌንቴ ግን አሮጌውን ረዳት እንዲቆዩ ለመኗቸው፤ ቆዩም። በመጀመሪያው ዓመት 10 ጨዋታ አሸነፉ። ነገር ግን ጨዋታው ተለውጦ፥ አጥቂዎች ሜዳውን በስፋት እየያዙ በፍጥነት መጫወት ልማድ ሆኖ ነበር፤ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾችም ሄደው ነበር። በ2018 ትንሹ ኦልድ ዶሚንየን 632 ያርድ ሄዶባቸው 49 ለ 35 አሸነፈ። በኅዳርም ፒትስበርግ 654 ያርድ ሄዶባቸው 52 ለ 22 ረታቸው። ስለ ተከላካይ ሥራ ሰው ማውራት የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው።

በነሐሴ 2019 ሚስተር ፎስተር የዚያ ዓመት ጨዋታ ሲያልቅ እንደሚያቆሙ አስታወቁ። አጀማመሩ መልካም አልነበረም፤ በመስከረም ዱክ በገዛ ሜዳቸው 45 ለ 10 አሸነፋቸው። ቢሆንም በኅዳር በጆርጂያ ቴክ ላይ 45 ለ 0 አሸነፉ። በሚከተለው ሳምንት፥ በብላክስበርግ የመጨረሻ ጨዋታቸው በሆነበት ቀን፥ ተቃራኒው ያው ባለፈው ዓመት 654 ያርድ የሄደባቸው ፒትስበርግ ነበር። ውጤቱ 28 ለ 0 ሆነ። ምትካቸው ሆኖ የተሾመውም ጀስቲን ሃሚልተን የተባለ የቀድሞ የቨርጂንያ ቴክ ተጫዋች ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው በታኅሣሥ 31 ቀን 2019 በሻርሎት ከተማ ነው፤ ተቃራኒው የኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ፥ የተወለዱበት ግዛት ቡድን ነበር። ኬንተኪ ወርዋሪዎቹ ስለ ተጎዱበት በኳስ ተቀባይነት የሚታወቀውን ሊን ቦውደንን በወርዋሪ ቦታ ያጫውት ነበርና፥ ሁሉም ሰው ኳሱን ይዞ እንደሚሮጥ ያውቃል። ቦውደንም 233 ያርድ ሮጠ። ያም ሆኖ ቨርጂንያ ቴክ 30 ለ 24 ይመራ ነበር። ኬንተኪዎች የመጨረሻውን ጉዞ ጀምረው ከ8 ደቂቃ በላይ ያርድ በያርድ ገፉ። ሚስተር ፎስተር ከዳር ቆመው ምልክታቸውን ሰጡ፤ ተከላካዮቹም ሩጫውን ለማቆም ወደ ፊት ቀረቡ። ሊፈጸም 15 ሴኮንድ ሲቀረው ቦውደን ሳይሮጥ ኳሱን ወረወረ፥ ባልደረባውም ከግቡ መሥመር ወዲያ ተቀበለው። በመጨረሻዋ ሙከራ ኬንተኪ የወደቀ ኳስ አንሥቶ ሌላ ነጥብ ጨመረና 37 ለ 30 ተፈጸመ።