ነጩ ሸማ ከጥቁር ይጀምራል
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «ከሥራ ውጪ በምን እንደምታሳልፍ ንገረን» ሲለኝ መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ኬሚስትሪ ተምሮ፣ ልጆች ወልዶ፣ ማታ ማታ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ወታደሮችን ቀለም እቀባለሁ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ግን እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. «ሊትል ዎርስ» የተባለ፣ በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለ መዋጋት የሚያስረዳ የጨዋታ ደንብ መጽሐፍ አሳትሟል። እኔ የምኖርባት ኖቲንግሃም ደግሞ ዋርሃመርን የሚያመርተው የጌምስ ወርክሾፕ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ከተማ ናት። ሱሱ የያዘኝ እዚያ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዓድዋ ወታደሮቼ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ጠረጴዛ ላይ ለልጆቼ ላሳያቸው ብዬ ሃያ እግረኛ ገዛሁ። ሸማ ነጭ አይደል? እንግዲያው መደቡም ነጭ ይሁን አልኩና፣ ብርድ ስለነበር መስኮት ዘግቼ፣ በጣሳ ስፕሬይ ወፈር አድርጌ ረጨኋቸው። ሲደርቅ ጣት ከጋሻ፣ አፍንጫ ከጉንጭ አይለይም። ራቅ ብላችሁ ስታዩአቸው ሃያ አሞሌ ጨው ናቸው። እኔም ራስ ምታት አተረፍኩ።

ስህተቴን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ሰው ፀሐይ ላይ ሲቆም ከአገጩ ሥርና ከልብሱ እጥፋት ውስጥ ጥላ ያርፋል። ከአውራ ጣት በሚያንስ ምስል ላይ ግን እጥፋቱ የፀጉር ያህል ስለሆነ የቤቱ መብራት በቂ ጥላ አይሠራለትም። ጥላውንም ብርሃኑንም የሚሠራው ቀቢው ነው። ስለዚህ ቀለም ከመምረጥ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ብርሃኑ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው።

ለዚህ ሥራ ኤርብረሽ የሚያህል የለም። ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀባ ያየ ሰው አይከብደውም፤ ያው ኮምፕሬሰር፣ ያው መርጫ ነው፣ መጠኑ ብቻ የእስክሪብቶ ያህል ነው። ቁልፉን ወደ ታች ስትጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ስትስቡት ቀለም ይለቃል።

መጀመሪያ ምስሉን በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ አድርቁ፤ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት ካለ ቀለም አይዝም። ከዚያ ጥቁር ፕራይመር፦ ግፊቱ ወደ 2 ባር፣ ርቀቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ስስ ስስ አድርጎ ደጋግሞ። እጃችሁ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው ቀለሙ የሚለቀቀው። በጣም ከቀረባችሁ ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር ይበታተናል፤ በጣም ከራቃችሁ አየር ላይ ይደርቅና እንደ አሸዋ ሆኖ ያርፋል። እስከ ማግስቱ ተዉት፤ ቸኩሎ የነካው ሰው ጣቱ ላይ ይዞት ይነሳል።

በማግስቱ ግፊቱን ወደ 1 ባር ገደማ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ግራጫውን ከላይ በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ፣ ዙሪያውን ርጩ። በመጨረሻ ነጩን፣ በጣም በትንሹ፣ ከአናቱ ቀጥታ ወደ ታች። አሁን ትከሻውና የሸማው እጥፋት ጫፍ ይበራል፣ ብብቱና የእጥፋቱ ውስጥ ይጨልማል። በዚህ ጊዜ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ በኋላ ቀለም ስትደርቡ ጥላው የት እንደነበር ያስታውሳችኋል። የሚደረበውም ቀለም ስስ ይሁን፤ ወፍራም ከሆነ የሁለት ቀን ሥራችሁን ይቀብረዋል። ሸማው ላይ ከዚህ በኋላ የምጨምረው ትንሽ ነው። ለካ ነጭን ነጭ የሚያደርገው ጥላው ኖሯል።

ፊት ላይ ግን ሌላ ትምህርት ተማርኩ። የማነባቸው መመሪያዎች በአብዛኛው ለፈረንጅ ፊት የተጻፉ ነበሩ፤ ለማብራት ነጭ ጨምሩ ይላሉ። እኔም ቡናማው ላይ ነጭ ጨመርኩ። ልጄ አንዱን አንስታ አየችና «አባዬ፣ እነዚህ ሰውዬዎች ታመዋል እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አመድ የተነሰነሰባቸው ይመስሉ ነበር። ለአባቶቻችን ክብር ብዬ የጀመርኩትን ሥራ ፊታቸው ላይ አበላሸሁት። ከዚያ ወዲህ ፊቱ ላይ ያረፈውን ነጭ ቀላ ባለ ጥቁር ቡናማ እሸፍነዋለሁ፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውንና ጉንጩን የማበራው ቢጫና ብርቱካንማ በመጨመር ነው። ከጣሊያን ጋር የተሰለፉትን አስካሪዎች ስቀባም ያው ቅልቅል ነው። ልጄ «ለምን እነሱም እኛን ይመስላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ማታ ቀለሙ ቀርቶ ታሪክ ስንነጋገር አመሸን።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ቀለሙ በውኃ የሚቀጥን ቢሆንም ጭጋጉ ሳንባ ይገባል፤ ተገቢውን ማስክ አድርጉ፣ አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ ይኑራችሁ። ሁለተኛ፣ መርፌውንና አፈሙዙን ሥራ እንደጨረሳችሁ እጠቡ። እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ መምህራችን «ብርጭቆውን ያላጠበ ውጤቱን አያሳየኝ» ይሉን ነበር። ያኔ እናጉረመርም ነበር። አሁን ማታ በስድስት ሰዓት ያቺን መርፌ እያጠብኩ አስታውሳቸዋለሁ።

አሞሌዎቹን አልጣልኳቸውም፤ ቀለማቸውን አስለቅቄ እንደገና ከጥቁር ጀመርኳቸው። ዛሬ ሃያዎቹንም በሣጥን ይዤ መጥቻለሁ። ቡና ሲፈላ ጠረጴዛው ላይ እደረድራቸዋለሁ፤ መነጽራችሁን ይዛችሁ ኑ።