ውሃ ቤንዚን አይሆንም
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተነገረ)



ባለፈው ሰሞን «መኪና በውሃ ይሄዳል» የሚል ወሬ በመካከላችን ተነሥቶ፥ ለማኅበራችን አሮጌ ቮልስዋገን ውሃ የሚረጭ ዕቃ እንዲገዛለት ገንዘብ እስከ ማዋጣት ደርሰን ነበር። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ነገሩን መመርመር ይገባል ብለን ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን።

ውሃ አይነድም። ውሃ ማለት ቀድሞ የተቃጠለ ሃይድሮጂን ነውና ሁለተኛ ሊቃጠል አይችልም። ታዲያ በሞተር ውስጥ ምን ይሠራል? ያበርዳል። አንድ ኪሎ ውሃ እንፋሎት ሲሆን የሚወስደው ሙቀት አንድ ኪሎ ቤንዚን ሲተን ከሚወስደው ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ሞተር ጭነት ሲበዛበት፥ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየርና ቤንዚን የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው በገዛ ሙቀቱ ይፈነዳል። ዳገት ላይ አንዳንድ ጊዜ የምንሰማው የማንኳኳት ድምፅ ይኸው ነው፤ ሲብስም ፒስተን ይበሳል። ስለዚህ መሐንዲሶች ኃይሉን ይገድባሉ፥ ወይም ለማቀዝቀዣ ትርፍ ቤንዚን ያፈሳሉ። ውሃ በረቂቅ ጠብታ ሲረጭ ግን ሙቀቱ ስለሚወርድ ጭነቱን መጨመር፥ ያንንም ትርፍ ቤንዚን ማስቀረት ይቻላል። ቁጠባ የተባለውም ከዚህ የሚመጣ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካው ፒ-47 ተዋጊ አውሮፕላን በዚህ ዘዴ ለጥቂት ደቂቃ ተጨማሪ ኃይል ያገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የተባለችውን ባለ ተርቦ መኪና ከውሃና ከሜታኖል ድብልቅ ጋር ለገበያ አወጣ። ፈሳሹ ሲያልቅ ኃይሏ ይቀነስ ነበር፤ ብዙ ገዢዎችም መሙላቱን ይዘነጉት ነበርና (ቤንዚን የማይረሳ ሰው ውሃ ይረሳል!) በ1963 ሥራዋ ቆመ። በ2016 ደግሞ 500 የፈረስ ጉልበት ያለው ቢ ኤም ደብልዩ ኤም 4 ጂ ቲ ኤስ 5 ሊትር የውሃ ዕቃ ይዞ ወጣ። ይኸም ባለ ተርቦ ነው።

የእኛ ቮልስዋገን ግን ተርቦ የላትም፥ የማመቅ ኃይሏም ዝቅተኛ ነው። በዚያም ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። አየር የጎደለው ሞተር ደግሞ ለማንኳኳት እምብዛም አይደርስም። ያላንኳኳን ሞተር በውሃ ማብረድ ትኩሳት ለሌለው ሰው መድኃኒት መስጠት ነው።

ባለ ተርቦ መኪና ያለው ዘመድ ያላችሁ ብትሞክሩት አንከለክልም፤ የቧንቧ ውሃ ኖራ የመርጫውን ቀዳዳ ስለሚደፍን የተጣራ ውሃ ይሁን። ያዋጣነው ገንዘብ በገንዘብ ያዡ ዘንድ ስላለ፥ ስማችሁን ያስመዘገባችሁ ከነገ ጀምሮ መውሰድ ትችላላችሁ።