ከሽጉጡ መጠን በፊት ግድግዳውን እዩ

በዴንቨርና በኦሮራ ታክሲ የምትነዱ፣ ሱቅ የምትጠብቁ ወገኖቻችን «ራስን ለመከላከል ዘጠኝ ሚሊሜትር ይሻላል ወይስ ፎርቲ ፋይቭ?» ትላላችሁ። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት ባልደረቦቹ ከተገደሉ በኋላ ወደ ትልልቅ ጥይት ዞሮ ነበር። ኋላ ግን ወደ ዘጠኝ ተመለሰ። በዘመናዊ ጥይት የቁስሉ ልዩነት ጥቂት ነው፤ ትንሹ ደግሞ እጅን ብዙ አይገፋም፣ ዒላማ ለመምታት ይቀላል።

ከመጠኑ ይልቅ የጥይቱን አሠራር እዩ። ጫፉ ድፍን የሆነው ሰውን በስቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ጫፉ የተቦረቦረው ሰውነት ውስጥ ስለሚሰፋ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። ከሳታችሁ ግን ሁለቱም የአፓርታማውን ስስ ግድግዳ ይበሳሉ፤ ከወዲያ የጎረቤት ልጅ ተኝቷል።

ከእናንተ ወገን ያለውንም ልጅ አስቡ። ከ2021 ወዲህ የኮሎራዶ ሕግ ልጅ ሊያገኘው የሚችል መሣሪያ እንዲቆለፍ ያዛል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ መጀመሪያ ተኩስ ተማሩ፤ ቁልፉንም ከሽጉጡ ጋር ግዙ።